ፍራሽ አዳሹ፣ ባለ ጋሪው፣ ፎቶ ቤቱ፦ የድሮዋ ናዝሬት ሥራዎች እንዴት ይሠሩ እንደነበር የሚያውቅ ይጻፍ

የፍራንኮ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ድሮዋ ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው «ጋሪው! ባቡሩ! አይ ጊዜ!» የሚል ነው። ናፍቆቱ የእኔም ነው። ግን «ነበር» ብሎ ማለፍ አንጀቴን አያርሰውም። እነዚያ ሰዎች በምን መሣሪያ፣ እንዴት አድርገው፣ ከማን ተምረው ይሠሩ እንደነበር የሚጽፍ አላገኘሁም። ባለሙያዎቹ እያለፉ ነው፤ ያሉትም አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ሌላ ሥራ ይዘዋል። ዛሬ ካልጻፍነው የልጅ ልጆቻችን የሚደርሳቸው ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፦ እዚህ ስትጽፉ ነገሩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ንገሩን።

እኔ በፍራሽ አዳሽ ልጀምር። ዛሬ የስፖንጅ ፍራሽ ሲሟሽሽ አውጥተን እንጥላለን። በእኛ ቤት ፍራሽ አይጣልም ነበር። የጥጥ ፍራሽ ነው፤ ከአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች የሚመጣው ጥጥ በከተማችን በኩል ያልፍ ስለነበር ጥጥ ብርቅ አልነበረም። ሁለት ሦስት ዓመት ከተተኛበት በኋላ ጥጡ ይጓጉላል፣ መሀሉ ይጎደጉዳል። በጋ ላይ አንድ ቀን ጠዋት «ፍራሽ አዳሽ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ እናቴ ከጓሮ ሆና «ሮጣችሁ ጥሩት!» ትለናለች።

ሰውየው ትከሻው ላይ ደጋን ተሸክሟል። ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጅማት የተወጠረ ነው። መጀመሪያ የፍራሹን ልብስ ስፌት ይተረትርና እንዲታጠብ ለእናቴ ይሰጣታል። ጥጡን ሰሌን ላይ ይዘረግፋል። ከዚያ የደጋኑን ጅማት ጥጡ ላይ አስጠግቶ በእንጨት መዶሻ ይመታዋል። ጅማቱ በተርገበገበ ቁጥር የተጓጎለው ጥጥ እየተፈታ ወደ ላይ ይበተናል፤ አቧራው በአንድ በኩል፣ ንጹሑ በሌላ በኩል ይወርዳል። አፍና አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሞ ነበር የሚሠራው። ከሰዓት በኋላ ልብሱ ሲደርቅ ጥጡን እኩል እያደረገ ይሞላና ጠርዙን በሲባጎ ይሰፋል። የመጨረሻው ሥራ ነው ባለሙያውን ከጀማሪው የሚለየው፦ ጥጡ ወደ ጎን እንዳይሸሽ በረጅም መርፌ ከላይ እስከ ታች እየወጋ መሀል መሀሉን ይቋጥራል። ቋጠሮው ከጠበቀ ፍራሹ ይቆረቁራል፤ ከላላ በወሩ ይጎደጉዳል። እኛ ቤት ይመጡ የነበሩት አባት በጣታቸው እየዳሰሱ ብቻ ልኩን ያውቁት ነበር።

ሌሎቻችሁስ?

ገንደ ሃራ

ተባረክ ወንድሜ። እኔ የባለ ጋሪ ልጅ ነኝ፤ ስለ ጋሪ ልጻፍ።

አባቴ ገና ሳይነጋ ይነሣል። ፈረሱን ያጠጣል፣ ጭድና ፉርሽካ ያቀርብለታል። ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ሲገኝ ውሃ ላይ በጥብጦ ጭዱን ያርስለታል፤ ፈረሱ ያን ቀን ገንዳውን ልሶ ነው የሚነሣው። ፈረሶቹ ከአርሲ ደጋ የሚመጡ ስለነበሩ የናዝሬት ሙቀት ይከብዳቸዋል። አባቴ አዲስ ፈረስ ሲገዛ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠዋትና ማታ ብቻ ነበር የሚያሠራው።

ጋሪው ራሱ የጋራዥና የአናጢ ሥራ ድብልቅ ነው። ጎማው ከአሮጌ መኪና የወጣ፣ አክሱ ላይ ኩሽኔታ የገባለት፣ ከሥሩ ባሌስትራ (ንዝረቱን የሚያለዝብ ተደራራቢ የብረት ሞላ) ያለው ነው። ባሌስትራ የሌለው ጋሪ ጠጠር መንገድ ላይ ወገብ ይሰብራል። ከላይ ሸራ ለፀሐይ ይዘረጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ዋናው ጥበብ ሚዛኑ ነው። ጋሪ ሁለት ጎማ ብቻ ስላለው ጭነቱ ወደ ፊት ካጋደለ የፈረሱ ጀርባ ላይ ይጫናል፤ ወደ ኋላ ካጋደለ ደግሞ ጋሪው ፈረሱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ የሆድ ማሰሪያው ይቆርጠዋል። ስለዚህ አባቴ ሰው በጫነ ቁጥር ከመነሣቱ በፊት ዘንጉን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይለካል። «እማማ ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ ይበሉ፣ አንተ ልጅ ወደ ኋላ» ይላል። ሰዎቹ የሚመቻቸውን እያሰበላቸው ይመስላቸው ነበር። እሱ የሚያስበው ለፈረሱ ነው።

በ1990ዎቹ ውስጥ ባጃጅ ሲበዛ ተሳፋሪው ተሸጋገረ። ባጃጅ ፈጣን ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ ማንም ቢሆን የሚመርጠው ነው። ጋሪዎቹ መጀመሪያ ከዋናው መንገድ፣ ከዚያ ከውስጥ ለውስጥም ወጡ። አባቴ ጋሪውን ሲሸጥ ባሌስትራውን ለብቻ ፈትቶ አስቀረው። ዛሬም እናቴ ቤት አለ።

እናት ዓለም

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን እያነበብኩ ዕንባዬ መጣ። ሆኖም አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የገንደ ሃራው ልጅ አባት ለፈረሳቸው የሚያስቡ ሰው ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሁሉም ግን እንደሳቸው አልነበረም። ጀርባው ቆስሎ በቁስሉ ላይ ዝንብ እየወረረው በጅራፍ የሚነዳ ፈረስ በዓይናችን አይተናል። ሥራ መሥራት ሲያቅተው ከመንገድ ዳር የሚጣለውን ፈረስስ ማን ይረሳዋል? ሌሊት ከጅብ ጋር የሚያድረው እሱ ነው። የድሮውን ስንጽፍ ይህንንም አብረን እንጻፍ። ለሴቶችም እንደዚሁ ነው። የነጭ ጋዝ ምድጃ ጠጋኝ ደጃፍ ላይ ተሰልፌ የዋልኩትን ዛሬ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር ልጄ አትመኘው፤ እኔም አልመኝላትም። የሚናፍቀኝ ባለ ሱቁ ነው። የወር ደመወዝ እስኪደርስ ስኳሩንም ሳሙናውንም በዱቤ ደብተር ጽፎ ይሰጠን የነበረው። ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ደብተሩን ዘግቶ «ሲሻለው እንነጋገራለን» አለኝ። ዛሬ በስልክ ከፍዬ ዕቃዬን ይዤ እወጣለሁ፤ የሻጩን መልክ እንኳን ሳላይ።

የፍራንኮ ልጅ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለው እንዲጻፍ ነው ይህን ውይይት የከፈትኩት። የሚያምረውን ብቻ ለይተን ከጻፍን ለልጆቻችን ያተረፍነው ተረት ነው። ፈረሱም ዱቤውም ይግቡበት።

የጣቢያው ሠፈር

ስለ ባቡሩ ማንም ሳይጽፍ እስካሁን መቆየቱ ገርሞኛል። ባቡሩ ባይኖር እኮ ይህች ከተማ እንዲህ አታድግም ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ያ ባለ 784 ኪሎ ሜትር መስመር ነው እዚህ ጣቢያ ተክሎ፣ ነጋዴውን ሰብስቦ፣ ገበያውን የፈጠረው።

አያቴ በጣቢያው ፓፓያ፣ ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። አሠራሩ ይህ ነው፦ ባቡሩ የሚቆመው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። እንቁላሉ በሦስት በሦስት፣ ጨውና በርበሬው በወረቀት ተጠቅልሎ ከጎኑ። ፓፓያው ከተቆረጠ ስለሚበላሽ ፉጨቱ ከሩቅ ሳይሰማ ቢላዋ አይነካውም። ሴቶቹ ቦታ ተከፋፍለዋል፤ የአያቴ ቦታ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የሚወርዱበት ነበር። እሷ ከመጀመሪያው ማዕረግ ይልቅ እነሱን ትመርጥ ነበር፤ ሳይከራከሩ ይገዛሉ ትላለች። መልስ ሳንቲም በመቀነቷ በየዓይነቱ ተቋጥሯል፦ ስሙኒው ለብቻ፣ ሽልንጉ ለብቻ። በጨለማም ቢሆን በጣቷ ትለየዋለች።

አንዳንዴ ዕቃው በመስኮት ከገባ በኋላ ገንዘቡ ሳይወጣ ባቡሩ ይነሣል። አያቴ አትጮህም። አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ እንዲህ ሆኖ ከሄደ በኋላ በሚቀጥለው ጉዞው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ባለ እንቁላሏ እናት!» እያለ ሲጠራት ነበርኩ። ዕዳውን ከፍሎ አንድ ሻሽ ጨመረላት።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አሮጌው ባቡር ወደ እኛ መምጣቱን ሲያቆም ሴቶቹ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ተበተኑ። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጥሩ ነው፤ ለአገር የሚጠቅም ትልቅ ሥራ ነው። ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ ከመስኮት ሥር ቆሞ መነገድ የለም።

አገዳ

እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ፤ ናዝሬት ግን ከተማችን ነበረች። ሆላንዶቹ በ1946 ስኳር ማምረት የጀመሩበት ግቢ ውስጥ ነው የተወለድኩት። የእኛ ትዝታ ደስታ ከረሜላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሱቅ ገዝቶ የበላው ሰው ከየት እንደሚመጣ አያውቅም፤ እኛ ግን ነፋሱ ወደ መንደራችን ሲዞር በጠረኑ እናውቀው ነበር። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ተዘግተው ሥራው ወደ አዲሱ ሲዛወር ጡረተኞቹ ከሁሉ በላይ ያዘኑት ለፉጨቱ ነው። ተረኛው የሚገባበትንና የሚወጣበትን የሚያውጀው ፉጨት የመንደሩ ሁሉ ሰዓት ነበር፤ እናቶች ወጥ የሚጥዱት፣ ተማሪ ከቤት የሚወጣው በሱ ነው።

ቢንያም አይደለሁም

ይቅርታ ታላላቆቼ፣ እኔ ኩራዝ ያየሁት በዘፈን ክሊፕ ብቻ ነው። ከምንድን ነው የሚሠራው? የሚሸጥ ነበር ወይስ ሰው በየቤቱ ይሠራዋል?

የቆርቆሮ ተራ

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅህ። አጎቴ ገበያው ውስጥ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ እኔም ክረምት ክረምት እረዳው ነበር።

ኩራዝ ከባዶ ጣሳ ይሠራል። ለእኛ ምርጡ የመርቲ ቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር። ክዳኑ ላይ መሀሉን በሚስማር ትበሳለህ። ከቁራጭ ቆርቆሮ ቀጭን ቱቦ ታጠቀልላለህ፤ ክሩ የሚያልፈው በሱ ውስጥ ነው። ቱቦውን በቀዳዳው አስገብተህ በእስታኞ ትበይደዋለህ። የኤሌክትሪክ መበየጃ የለም፤ የመዳብ ራስ ያለውን ብረት ከሰል ውስጥ አግለህ እስታኞውን በሱ ታቀልጣለህ። ብየዳው ቀዳዳ ካለው ነጭ ጋዙ ይተንና ኩራዙ በሙሉ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ አጎቴ እያንዳንዱን ኩራዝ በአፉ ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነክረው ነበር፤ አረፋ ከወጣ ተመልሶ ይበየዳል። ርካሽ ዕቃ ነው ብሎ ይህንን ሳይፈትሽ አንድም ቀን ሲሸጥ አላየሁም። የልጅ ነፍስ ያለበት ነው ይል ነበር።

የሚቀጥለው ጥያቄህ ስለ ማሾ መብራት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

ታይፒስቷ

ብዙ ሰው የረሳውን ልጨምር፦ የታይፕ ማሠልጠኛ። ፖስታ ቤት አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ላይ ነበር የተማርኩት፤ በኋላም አስተምሬበታለሁ። ሴት ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ካልገባች የቢሮ በር የሚከፍትላት ይህ ነበር።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ችግሩን አስቡት፦ የፊደላችን ብዛት በአንድ መኪና ላይ አይበቃም። መፍትሔው ፊደሉን ከነቅጥያው መለያየት ነው። መነሻውን አንድ ጊዜ ትመታለህ፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን ደግሞ በሌላ ቁልፍ ትጨምርበታለህ። ስለዚህ አንድ ፊደል ሁለት ምት ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥሩ ታይፒስት የምትለየው ቅጥያው ከፊደሉ ሳይርቅ፣ ሳይደራረብም በትክክል ሲቀመጥ ነው። ተማሪዎቼን እጃቸውን በጨርቅ ሸፍኜ ነበር የማስተምረው። ዓይን ቁልፉን ከለመደ ጣት አይማርም።

ከሁሉ የሚከብደው እስቴንስል ነበር። የትምህርት ቤቶች ፈተና በሱ ነው የሚባዛው። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ ሪባኑን አንሥተህ በባዶ ፊደል ትመታዋለህ፤ ፊደሉ ሰሙን ይቆርጠዋል። በጣም ከመታህ ክብ ክብ ፊደሎች ወረቀቱን ቀደው ይወድቃሉ፤ ቀስ ካልክ ቀለም አያሳልፍም። ከተሳሳትክ ቀይ ፈሳሽ ቀብተህ እስኪደርቅ ጠብቀህ ደግመህ ትመታለህ። ለአፄ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፈተና እየመታሁ ሌሊቱን ሙሉ ያነጋሁባቸው ሰኔዎች አሉ። በማግስቱ የማውቃቸው ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊቴን አይተው ጥያቄውን ሊያነቡ ይሞክሩ ነበር። አንዲት ቃል አላወጣሁም።

ኮምፒውተር ሲመጣ እኔም ተምሬዋለሁ፤ የምተዳደረውም በሱ ነው። ጣቶቼ ግን ዛሬም ከሚያስፈልገው በላይ ቁልፉን ይጫኑታል።

ፔዳል

የብስክሌት ኪራይን የሚጽፍ ጠፋ? ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የሌለበት ሠፈር አልነበረም። ባለቤቱ ግንብ ሥር በረድፍ ያቆማቸዋል፤ ሰዓት ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ሩብ ሰዓት በስሙኒ። መታወቂያ የሌለን ልጆች ጫማችንን መያዣ ትተን በባዶ እግራችን እንነዳለን። ጎማ ቢተነፍስ ባለቤቱ ካላመዳሪውን ያወጣና በውሃ ሳፋ ውስጥ እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል፤ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ሸካራ ያደርግና ማስቲሽ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ «እፍ» እያለበት ቆይቶ ነው ቁራጩን የሚለጥፈው። እኔ ዛሬ የጎማ ሥራ ነው የምሠራው፤ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቴ ያ ግንብ ሥር ነው። አዳዲሶቹ ልጆች ማስቲሹ ሳይደርቅ ይለጥፉና ደንበኛ ይመለስባቸዋል።

ናፍቆት ዘአዳማ

ፎቶ ቤት! ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ ማበጠሪያና መስታወት በክር ታስሮ፣ ለሁሉም የሚበቃ አንድ ኮትና ክራቫት። የአባቴ የወጣትነት ፎቶ በዚያ ኮት ነው። ጀርባው ላይ «ለማይጠፋው ማስታወሻ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለ። የፎቶው ፊት ውሃ ነክቶት ተበላሽቷል። ያ ቁጥር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?

ጨለማ ክፍል

እህቴ፣ ቁጥሩ የኔጋቲቩ ነው። አባቴ ፎቶ አንሺ ስለነበር ላስረዳሽ።

ጥቁርና ነጭ ፊልሙ ከታጠበ በኋላ አባቴ ከመስኮት ሥር ተቀምጦ ሹል እርሳስ ይዞ ኔጋቲቩ ላይ ይሠራል። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ስለሆነ ፊት ላይ ያለ ጠባሳ እንደ ስስ ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል፤ ያንን በእርሳስ ሞላ ሲያደርገው ታትሞ ሲወጣ ቆዳው የጠራ ይሆናል። ከዚያ በቀይ መብራት ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ሦስት ሳፋ ውስጥ በየተራ ያሳልፋል፦ ማውጫው፣ ማቆሚያው፣ ማጽኛው። ማጽኛው ውስጥ ሳይቆይ የወጣ ፎቶ በዓመቱ ይቢጫል። ደንበኛው ተጨማሪ ቅጂ ሊፈልግ ስለሚችል ኔጋቲቩን ቁጥር ሰጥቶ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፤ ያንኑ ቁጥር ከፎቶው ጀርባ ይጽፈዋል።

የእኛ ሳጥኖች አሉ። ሌሎች ፎቶ ቤቶች ሲዘጉ የሰጡንም አለ። ሁሉም አልተረፈም፤ በናይሎን የተጠቀለሉት በአዳማ ሙቀት እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ በወረቀት ኤንቨሎፕ የነበሩት ደህና ናቸው። ስለዚህ ቤታችሁ ኔጋቲቭ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ከናይሎን አውጡት፣ በንጹሕ ወረቀት ለየብቻ አድርጉት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያው አርቃችሁ አስቀምጡት። የተጣበቀውን በጉልበት አትለያዩት፤ ሥዕሉ ይላጣል።

ናፍቆት፣ ቁጥሩንና በግምት ዓመቱን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ፎቶ ቤቱ ፍራንኮ ሠፈር በኩል የነበረው ከሆነ መዝገቡ እኔ ጋ ነው።

ናፍቆት ዘአዳማ

አሁኑኑ እልካለሁ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ እያነበብኩለት ነው፤ አዎ፣ ፍራንኮ ነው እያለ ነው።